ያልታመመ ሰዓት

ክንዴ ሐብተ ማርያም ጎንደር ፒያሳ ውስጥ፣ ጣሊያን ከሠራው አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት ይጠግን ነበር። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ባለጉዳይ ሲመጣ ውጭ ቆሞ በመስኮት ያነጋግረዋል እንጂ አይገባም። ሙያውን ያስተማረው ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ብሩኖ የሚባል ጣሊያን ነው። ብሩኖ ሲሞት ካቻቪቴዎቹን፣ ወረንጦዎቹንና ዓይን ላይ የምትሰካዋን ማጉያ መነጽር ለክንዴ ተወለት።

አባቱ መርጌታ ሐብተ ማርያም በዚህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ለዜማ ያሰቡት አንድ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ የብረት ጥርስ ሲቆጥር መዋሉ ያንገበግባቸዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗል። ክንዴ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዞ አበራ ጊዮርጊስ ያደርሳቸውና ወደ ሱቁ ይወርዳል፤ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሶ ይወስዳቸዋል። በመንገድ ላይ ብዙ አይነጋገሩም። ቢሆንም አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ የእጅ ሰዓት ብርቅ አልነበረም። መምህራን፣ ጸሐፊዎች፣ የማኪና ሾፌሮች ሁሉ ያስሩ ነበር። ሁሉም ግን በየጠዋቱ በጣት የሚሞሉ ናቸው። በራሱ የሚሞላ፣ አውቶማቲክ የሚሉትን ሰዓት ክንዴ በዕድሜው የከፈተው ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱንም አልረሳቸውም። ክዳኑ ሲነሳ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ከባድ ብረት ትታያለች። ሰውየው እጁን ሲያነሳ፣ ሲጽፍ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ይህች ብረት ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ውስጥ ያለውን ሞላ ትጠመዝዘዋለች። ሰዓቱ የሚሄደው ባለቤቱ በመኖሩ ነው። ክንዴ የመጀመሪያውን የከፈተ ቀን ሥራውን ትቶ ለረጅም ጊዜ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሲነቀንቀው ውሎ ነበር። ድምፁ ከሌሎች ሰዓቶች ይለያል፤ ከምቱ በስተጀርባ እንደ እስትንፋስ የሚመስል ሹክሹክታ አለው።

በ1951 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ጠመንጃ ያነገተ ጎልማሳ መስኮቱ ላይ ቆመ። ጋቢው በዝናብ ረጥቧል።

«ሰዓት ሠሪው ክንዴ አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ አያ። ምን ልታዘዝ?»

«ዋሴ እባላለሁ። ቀኛዝማች አዘዘ ልከውኝ ነው። ሰዓታቸው ቆሟል።»

«ሰዓቱን ይዘህልኝ መጥተሃል?»

«ሰዓቱ ካገር አይወጣም። አንተ ነህ የምትሄድ። ድንጋይ በር፤ ከደባርቅ ወዲያ ነው።»

ክንዴ በክረምት መንገድ ተበላሽቷል ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ግን፣ «ምን ዓይነት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የማይሞላ ነው» አለ ዋሴ። «በሰውየው እጅ የሚኖር።»

ክንዴን ያስነሳው ይህ ቃል ነው። በማግስቱ ለአባቱ፣ «ለፍልሰታ መግቢያ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ጎረቤታችን ደብሪቱ ታደርስዎታለች» ብሎ መሣሪያዎቹን በትንሽ የቆዳ ቦርሳ ይዞ ወጣ።

እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና፣ ከደባርቅ በበቅሎ ሄዱ። ድንጋይ በር በሦስት በኩል ገደል የሆነ አምባ ነው። በአራተኛው በኩል ሁለት አለቶች ተፋጥጠው የቆሙበት፣ አንድ የተጫነ በቅሎ በጭንቅ የሚያልፍበት መግቢያ አለው። መግቢያው ላይ ወፍራም የወይራ መዝጊያ ተገጥሞለታል። እነክንዴ ሲደርሱ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ አምባውን ይሸፍን ነበር። ካለፉ በኋላ አንድ ዘበኛ መዝጊያውን ገፍቶ ዘጋው። ክንዴ ድምፁን ሰማ እንጂ ምንም አላሰበም።

ቀኛዝማች አዘዘ ስልሳ የሚሆናቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው ናቸው። አገሩን ከጦርነቱ ጀምሮ የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ከፍ ባለ መደብ ላይ ጥቁር ካባ ደርበው ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ እማዋይሽ በግራቸው በኩል ተጠግተው ተቀምጠዋል።

«ስምህ ማነው?» አሉ ቀኛዝማች።

«ክንዴ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ነው ያልህ?»

«ክንዴ ሐብተ ማርያም፤ የአበራ ጊዮርጊሱ መርጌታ ልጅ።»

ወይዘሮ እማዋይሽ ወደ መሬት አዩ። ክንዴ ያጠፋው ነገር ያለ መሰለው፤ ምን እንደሆነ ግን ሊገባው አልቻለም። ከዚያ ወይዘሮዋ እጃቸውን ከካባው ሥር አስገብተው ሰዓቱን ፈትተው አወጡና ሰጡት።

ክንዴ ሰዓቱን መዳፉ ላይ ሲያደርግ ፍርሃቱን ረሳ። ገጹ እንደ ወተት ነጭ የነበረ፣ በዕድሜ ወደ ቅቤ ቀለም ያዘነበለ ነው። ጠቋሚዎቹ እንደ ጤፍ ቅጠል ቀጥነው ወደ ጫፋቸው ይሾላሉ። ቁጥር የለውም፤ በቁጥሩ ፈንታ ቀጫጭን የወርቅ ሰረዞች ተተክለውበታል። ጠርዙ ከብዙ ዓመት የልብስ ፍትጊያ የተነሳ ለስልሷል።

«በጃንሆይ ኢዮቤልዩ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ አርመን የገዛሁት ነው» አሉ ቀኛዝማች። «አርመኑ፣ ‹እርስዎ እስካሉ እሱም አለ› አለኝ። እኔም ይህንኑ ለሰው ሁሉ ተናገርሁ። ባይናገሩት ይሻላል የሚባል ነገር አለ። በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ አዳራሹ በሰው ሞልቶ ሳለ ወንድሜ ግራዝማች ወልደኢየሱስ ሰዓት ጠየቀኝ። ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ አገሩ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

ክንዴ አላወቀም፤ ግን መገመት አላቃተውም።

መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ክዳኑን ከፈተ። አንድም የተሰበረ ነገር አላገኘም። ዘይቱ አልደረቀም፣ ጥርሶቹ አልተበሉም፣ ግማሽ ጨረቃዋ በነጻ ትወዛወዛለች። ጠራርጎ፣ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ዘጋው። ለጥቂት ጊዜ ሲነቀንቀው ሰዓቱ ተነሳና መሄድ ጀመረ። ወይዘሮዋ ተቀብለው ከካባው ሥር አሰሩት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ዋሴ ክንዴ ወዳደረበት የእንግዳ ጎጆ መጣና፣ «ቆሟል» አለው።

ክንዴ እንደገና ከፈተው፤ እንደገና ምንም አላገኘም። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ቀኛዝማች፣ «ከውስጡ ያወጣኸው ነገር አለ ወይ?» ሲሉት ወረንጦውን አስቀመጠ።

«እግዜር ያውቃል፣ ምንም አላወጣሁም።»

«እንግዲያ ምነው ታመመ?»

ክንዴ ከሰዓቱ ላይ ቀና አለ። ያን ጊዜ አንዲት ዝንብ ከካባው ጫፍ ብቅ ባለው የቀኛዝማች ግራ እጅ ላይ አርፋ አየ። ዝንቧ ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ተራመደች። ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። ቀኛዝማች እንደተቀመጠችባቸው እንኳ አላወቁም። ወይዘሮ እማዋይሽ አይተው በቀስታ አባረሯትና ካባውን ጎተት አድርገው እጁን ሸፈኑት። ዓይናቸውን ሲያነሱ ከክንዴ ዓይን ጋር ተገናኙ።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ላይ ወይዘሮዋ ጎጆው ድረስ መጡ። ዋሴ ውጭ ቆመ።

«ሰዓቱን በሸጋ አየኸው?» አሉ።

«አየሁት፣ እመቤቴ። ሰዓቱ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ በሽተኛው ማነው?»

ክንዴ ሳያስበው ወደ ገዛ ግራ እጁ አየ። ይህ ራሱ መልስ እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው።

«ከሚያዝያ ጀምሮ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን የምናውቅ። አሁን ሦስት ሆንን።»

ክንዴ መድኃኒቱ ቀላል እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ይህ ሰዓት በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን እንደማንኛውም ሰዓት በመሙያውም ይሞላል፤ በየጠዋቱ ሠላሳ ጊዜ ያህል ቢያዞሩት እስከ ማግስቱ አይቆምም። ወይም ወደ ቀኝ እጃቸው ቢዛወር ይበቃል።

«ወደ ቀኝ ማዛወሩ አይሆንም፤ አራት ዓመት ያህል በግራቸው ያየ ሰው ምነው ይላል» አሉ። መሙላቱን ግን ተማሩ። በማግስቱ ሰዓቱ ሄደ፤ በሦስተኛውም ቀን ሄደ። ክንዴ ቦርሳውን አዘጋጅቶ ለስንብት ወደ አዳራሽ ገባ።

«ለመስቀል ማግስት ከአውራጃው ሹም ይመጣል» አሉት ቀኛዝማች። «ወንድሜ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ አዘዘ ማስተዳደር አቅቶታል ብሎ ከሶኛል። እስከዚያ እንግዳዬ ነህ።»

«ጌታዬ፣ አባቴ ዓይነ ስውር ናቸው። ቃል እገባለሁ፤ ካፌ አንዲት ነገር አትወጣም።»

«ቃልህን አምናለሁ። ፒያሳን ግን አላምንም። ሰው ይጠይቅሃል፤ ምን ነበር የሰዓቱ ሕመም ይልሃል። ምን ልትል ነው?»

ክንዴ ቦርሳውን መልሶ መሬት አስቀመጠ።

ማንም አልመታውም፤ ማንም አላሰረውም። ጎጆው ደረቅ ነበር፣ የጾም ምግቡም ይመጣለት ነበር። ወይዘሮዋ አጠገብ ቆመው እያዩት ለአባቱ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ቆየሁ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ቀኑ መርዘም ጀመረ። ወደ መግቢያው ሲጠጋ ዘበኛው በትህትና ቆሞ፣ «ጉም ነው፣ ጌታው፤ ይመለሱ» ይለዋል። ፀሐይ ሲወጣም ያንኑ ይለዋል። ክንዴ ሱቁ በጣም ጠባብ መሆኗ ታሰበው፤ እዚያ ውስጥ ግን አንድም ቀን ትንፋሽ አጥሮት አያውቅም። እዚህ ሰማይ የሚያህል ሜዳ ላይ ደረቱ ይጨንቀው ጀመር። ጣቶቹ ሥራ ስላጡ እርስ በርስ ይፋተጋሉ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ቦርሳውን ጥሎ ወጣ። በገብስ ማሳው ዳር ዳር ሄዶ መውረጃ እንደሚያገኝ ተስፋ አድርጎ ነበር። እግሩ የነካው ድንጋይ ተንከባለለ። ክንዴ የሚያርፍበትን ድምፅ ለመስማት ቆመ። ምንም ድምፅ አልመጣም። ወደ ኋላም ወደ ፊትም የት እንደሚረግጥ ጠፍቶት እዚያው እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጠ። ሣሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም።

«አትነሳ» አለ የዋሴ ድምፅ ከኋላው። «በቂጥህ እየተንሸራተትህ ወደ እኔ ና። እንደዚያ። ሸጋ።»

ዋሴ ክንዱን ይዞ ጎትቶ አነሳው። አልተቆጣውም። ወደ ጎጆው ሲመለሱ እሱው ተናገረ።

«እኔ ወደዚህ የመጣሁት የጠፋ በቅሎ ልመልስ ነበር። አንድ ሌሊት እደር አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።»

«ምነው አልሄድህም፣ አያ?»

«መጀመሪያ መግቢያው ነበር የያዘኝ። አሁን ምን እንደያዘኝ እንጃ። ለቀኛዝማች አልነግርም፤ አንተም አትድገመው።»

ከፍልሰታ በኋላ ቀኛዝማች ክንዴን በየቀኑ ማስጠራት ጀመሩ። ወደ እሳቸው የሚገባ ሰው አልነበረም፤ ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው አጠገባቸው ሊቀመጥ የሚችለው። ሰዓቱን ክፈትልኝ ይሉታል። ክንዴ ክዳኑን አንስቶ መዳፉ ላይ ሲያዘነብለው ግማሽ ጨረቃዋ በቀስታ ትዞራለች። ቀኛዝማች ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ክንዴ ላይ ይዤው ስኖር ይህች ነገር ትዞር ነበር?»

«እህል ሲቆርሱም፣ በቅሎ ሲጋልቡም፣ በእንቅልፍዎ ሲገላበጡም ትዞር ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጠዋት ተነሳሁ። እማዋይሽን ‹ክንዴ የታለ?› አልኋት። አጠገቤ ተኝቷል፤ የኔ አልመስል አለኝ። ሰሌን ላይ የተጣለ የሰው ዕቃ መሰለኝ። አንተ ገብተህ ስምህን ስትናገር ወንድሜ ሊዘብትብኝ የላከህ መሰለኝ።»

ክንዴ የዚህን ሰው ፊት ሲያይ ጥላቻው ይሟሟበታል፤ ወጥቶ መግቢያውን ሲያይ ደግሞ ይመለስበታል። በሁለቱ መካከል ደከመው። አንድ ቀን መስከረም ሲጠባ ሳያስበው ተናገረ።

«ጌታዬ፣ እኔን ዘበኛ ይጠብቀኛል። እርስዎን የሚጠብቅዎት ይህ ካባ ነው። ከሚያዝያ ወዲህ እርስዎም ከዚህ መደብ አልወረዱም።»

ቀኛዝማች ዓይናቸው ቀላ። «ውጣ» አሉ። ለአራት ቀን አልጠሩትም።

በአምስተኛው ቀን ዋሴ ከደባርቅ ገበያ ተመለሰ። ጠመንጃውን ሳያወርድ ክንዴ አጠገብ ተቀመጠ።

«ከጎንደር የመጣ አንድ ደብተራ አገኘሁ። አባትህ በየጠዋቱ ሱቅህ ደጃፍ ይቀመጣሉ አለኝ።»

«ማን አድርሷቸው?»

«በበትራቸው እየዳበሱ ብቻቸውን ነው አሉ። ያቺ ጎረቤትህ ልጇ ዘንድ ማክሰኝት ወርዳለች። የሰው ኮቴ ሲሰሙ ‹ክንዴ ነህ?› ይላሉ። ሰው፣ አይደለሁም ይላቸዋል።»

ክንዴ ተነስቶ ወደ ወይዘሮ እማዋይሽ ሮጠ። እልፍኝ ውስጥ ካባውን ሲጠግኑ አገኛቸው። እግራቸው ላይ ወድቆ የአባቱን ነገር ነገራቸው። ወይዘሮዋ መርፌውን አስቀመጡ።

«እኔስ ልጄ?» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ከሳምሁ አምስት ወር ሆነኝ። ካጠገባቸው ከራቅሁ ካባው ይወድቃል። አንተ መስቀልን ትጠብቃለህ። እኔ ምን እንደምጠብቅ ንገረኝ።»

ግን ማታውን የክንዴን አባት ነገር ለባላቸው ነገሩ። ቀኛዝማች ምን እንዳሉ ክንዴ አልሰማም። ምግብ ሳይቀምሱ እንዳደሩ ግን በማግስቱ ዋሴ ነገረው።

መስቀል አልፎ በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ከአውራጃው የመጣው ሹም በክብር ወንበር ተቀመጠ፤ አጠገቡ የአጥቢያው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ተደረደሩ። ግራዝማች ወልደኢየሱስ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ቀጠን ያሉና የማያርፉ ሰው ናቸው። ሰዓቱን ክንዴ ራሱ ጠዋት ሞልቶት ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው፣ ወንድሜ?» አሉ ግራዝማች።

ወይዘሮ እማዋይሽ ካባውን ትንሽ ገለጥ አደረጉ። ቀኛዝማች አዩ። «አራት ሰዓት ከሩብ።»

ሹሙ የራሱን ሰዓት አየና ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹ ተንፈስ አሉ። ግራዝማች ግን አልተቀመጡም። ጣታቸውን ወደ ጥግ ቀሰሩ።

«ያ ወጣት ጎንደር ላይ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓት ለማስነሳት አንድ ቀን ይበቃል። እሱ ግን ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ምን ሲሠራ ቆየ? የመርጌታ ልጅ ነውና መስቀል ይዞ ይማልልን። ሰዓቱ ምን ነበር የታመመው? ባለሰዓቱስ ጤነኛ ነው ወይ?»

ክንዴን ወደ መሃል ገፉት። ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉለት። እግሩ ሥር ያለው ምንጣፍ የዚያን ቀኑ እርጥብ ሣር መሰለው፤ ወዴት ቢረግጥ እንደሚወድቅ አላወቀም። እውነቱን ቢናገር ነጻ ይወጣል፤ እኚህን ሰው በገዛ አዳራሻቸው ቀብሮ ነው የሚወጣው። በሐሰት ቢምል ደግሞ ጎንደር ሲገባ ምን ይዞ አባቱ ፊት እንደሚቆም አልታየውም። በግራ በኩል ወይዘሮዋ አንገታቸውን ደፍተዋል። እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ።

«ሰዓቱ ታሞ አያውቅም» አለ። ድምፁ ለራሱ እንኳ እንግዳ ሆነበት። «ስለ ባለሰዓቱ እኔ የምመሰክረው የለኝም።»

«ማል ነው የተባልኸው» አሉ ግራዝማች። «በሁለቱም ማል።»

«ተወው» አሉ ቀኛዝማች።

ቀኛዝማች በቀኝ እጃቸው ካባውን ከትከሻቸው ገፉት። ወይዘሮ እማዋይሽ ሊይዙት ሞክረው ተዉት፤ ካባው መሬት ወደቀ። ቀኛዝማች በቀኝ እጃቸው ግራ እጃቸውን ከአንጓው ይዘው ከፍ አደረጉና ለቀቁት። እጁ ከነሰዓቱ ጭናቸው ላይ ዱብ አለ።

«ከሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ሸሸግሁ። ይህን ልጅ አፉን ፈርቼ ያለ ፈቃዱ ያዝሁት። የኔን በደል በሱ መሐላ አትሸፍኑት፣ አባ፤ መስቀሉን ይመልሱ።»

ግራዝማች ወልደኢየሱስ አሸንፈው ነበር። ሆኖም ቁጭ አሉ። ታላቅ ወንድማቸውን ሲያዩ ከንፈራቸው እንደ ልጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሹሙ ጉዳዩን ለበላይ እንደሚያቀርብ ተናግሮ ጉባኤውን በተነ።

ሰው ሲወጣ ቀኛዝማች ክንዴን ጠሩት። «ይህን ፍታና በቀኜ እሰርልኝ» አሉት። ክንዴ ማሰሪያውን ፈትቶ በቀኝ እጃቸው ላይ አሰረላቸው። ቀኛዝማች እጃቸውን አንድ ሁለቴ ነቅንቀው ጆሯቸው ላይ አስጠጉት።

«በድዬሃለሁ» አሉ።

ክንዴ እግዜር ይቅር ይበልዎ፣ የሚባለውን ሁሉ ሊል ፈለገ። አልመጣለትም። እጅ ነስቶ ወጣ። መግቢያው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ዘበኛውም ከሰዉ ጋር ወሬ ይዟል። ክንዴ በሁለቱ አለቶች መካከል ሲያልፍ አንድ ሰው ከኋላው የሚይዘው መስሎት ትከሻውን ሰበሰበ። ዋሴ እስከ ደባርቅ ድረስ ሸኘውና ማኪናው ሊነሳ ሲል፣ «እኔ እመለሳለሁ፤ አሁንማ ቀኛዝማች ሌላ ሰው የላቸውም» አለው።

አባቱን እንደተባለው ሱቁ ደጃፍ ላይ አገኛቸው። ኮቴውን ሲሰሙ ምንም አልጠየቁም። እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳበሱት፤ ከዚያ ክንዱን፣ ከዚያ ጣቶቹን።

«ምን አደረጉህ?»

«ምንም፣ አባቴ። አበሉኝ፣ አስቀመጡኝ።»

«ታዲያ ምነው እጅህ ይርዳል?»

እጁ ለመርጋት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ወረንጦ ሲይዝ ይንቀጠቀጥበት ስለነበር እስከ ታኅሣሥ ድረስ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ሲሠራ ከረመ። የሱቁን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ደረጃው ሥር አቆመው፤ ብርድ ቢሆንም አልገጠመውም። ማታ ማታ መሣሪያውን ይዞ ቤቱ ይገባል እንጂ ሱቋን ዘግቶ አያውቅም። ግራዝማች ወልደኢየሱስ በወንድማቸው ቦታ እንደተሾሙ፣ ወይዘሮ እማዋይሽም ጥምቀትን ታቦት አጅበው እንደወረዱ ከደባርቅ ሾፌሮች ሰማ።

በየካቲት አንድ የትምህርት ቤት መምህር መስኮቱ ላይ ቆሞ ሰዓት ዘረጋለት። ብዙ ጊዜ እየቆመ አስቸግሮኛል አለው። ክንዴ ጀርባውን ገልብጦ ሲያይ አውቶማቲክ ነው። ልመልስለት ወይስ ልቀበለው ብሎ ሲያመነታ ቆየ። ከዚያ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ክዳኑን ከፈተ። ግማሽ ጨረቃዋ በቀስታ ዞራ አረፈች። ውበቷ ያው ነበር። አንድ ጥርስ መካከል ቆሻሻ ገብቶ አገኘ፤ አውጥቶ፣ ዘይት ቀብቶ ዘጋው።

መምህሩ ተቀብሎ ሲያስር ክንዴ ሰዓቱን አላየም። የሰውየውን ጣቶች ነበር የሚያየው።

«እጅህ ደህና ነው?» አለው።

«ደህና ነው። ምነው?»

«ምንም» አለ ክንዴ፤ «እንዲያው ነው።»